አሊያንሳ ሊማ በኮሮናው ዓመት ወርዷል ወይስ አልወረደም?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦

ሰላም ጀማዓ። እስቲ የኳስ ነገር የምታውቁ አንድ ክርክር ፍቱልን።

ትናንት ፒያሳ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ነው ነገሩ የተነሳው። አንዱ ጓደኛዬ፣ የፔሩው አሊያንሳ ሊማ በኮሮናው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ከአንደኛው ሊግ ወርዷል አለ። ሌላው ሳቀበት። በ2021 የፔሩ ሻምፒዮን እኮ አሊያንሳ ነው አለው። ሁለቱም ስልካቸውን መዘዙ። አጃኢብ ነው፣ ሁለቱም ማስረጃ አገኙ። አንዱ ተጫዋቾቹ አንገታቸውን ደፍተው ከሜዳ የሚወጡበት ፎቶ አለው። አንዱ ዋንጫ የሚያነሱበት።

እኔ ዳኛ ሆኜ ተሾምኩ። ግን አልገባኝም። በ2020 መጨረሻ የወረደ ቡድን 2021ን ሁለተኛ ሊግ ነው የሚያሳልፈው። እዚያ ሆኖ እንዴት የላይኛው ሊግ ሻምፒዮን ይሆናል? የፔሩ ሕግ የተለየ ነው? ወይስ አንዱ ፎቶ የሌላ ዓመት ነው?

ውርርዱ በጥብስ ነው። የሥጋ ዋጋ ታውቃላችሁ፣ ጨዋታ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦

ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥብሱን ወደ ሐይቅ ላኩት፣ እኔ ልብላው።

ቁም ነገሩን ከፈለግህ የኮምቦልቻውን የሌሊት ፈረቃን ጠብቀው። የደቡብ አሜሪካ ኳስ የሱ ርስት ነው። አሁን ግን ተኝቶ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው።

የሌሊት ፈረቃ (ኮምቦልቻ)፦

ተነስቻለሁ። ሐይቅ ዳር፣ ቀልደህ ነው እንጂ ልክ ብለሃል። ሁለቱም ልጆች እውነታቸውን ነው። አሊያንሳ ሜዳ ላይ ወርዷል። ወረቀት ላይ ግን ተርፏል። በመሃል የሆነውን ለመንገር ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ቡና ያላፈላችሁ አፍሉ።

የፔሩን ሊግ እንዴት ያዝኩት? 2012 ክረምቱን አስታውሱ። ከደሴ ኮምቦልቻ ታክሲው ግማሽ ሰው ይጭናል፣ ዋጋው እጥፍ ነው። የኛ ፕሪሚየር ሊግ ሚያዝያ ላይ ተሰርዟል። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅም የለም። የአውሮፓው ነሐሴ ላይ አለቀ። እኔ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ክር ሲበጠስ እቀጥላለሁ፣ ካልተበጠሰ ማሽኑን እያየሁ እቆማለሁ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ስልኬ ላይ የውጤት አፕ እከፍታለሁ። በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀሰው ደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። ሊማ ከኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። እነሱ ከቀኑ 9፡30 ሲጀምሩ እኛ ጋ ከምሽቱ 5፡30 ነው። የማታ ጨዋታቸው ደግሞ ለኛ ከሌሊቱ 8 እና 10 ሰዓት ላይ ይውላል። ወላሂ፣ ለፈረቃ ሠራተኛ ተብሎ የወጣ መርሐ ግብር ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ፣ አለበለዚያ ይምታታል።)

ሊጉ በ20 ክለብ ጥር 2020 መጨረሻ ላይ ተጀመረ። 6 ሳምንት እንደተጫወቱ ማርች ላይ ቆመ። ፔሩ በኮሮና ክፉኛ ነው የተመታችው። በሕዝብ ብዛት ሲሰላ በዓለም ብዙ ሰው ከሞተባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሰው ለታመመ ዘመዱ ኦክስጅን ፍለጋ ሲሊንደር ተሸክሞ ይሰለፍ ነበር። እዚህ ላይ ሆኖ ኳስ ማሰብ ለብዙዎች ነውር ነበር። ክለቦቹ ግን ያለ ቴሌቪዥን ገንዘብ መኖር አልቻሉም።

ስለዚህ ኦገስት 7 ላይ እንዲመለስ ተወሰነ። ሁሉም ጨዋታ ሊማ ብቻ፣ በዝግ ስታዲየም። ከኩስኮም ይሁን ከፒዩራ፣ ክለቡ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ዋና ከተማ ገባ። ለመክፈቻው ዩኒቨርሲታሪዮና ካንቶላኦ ብሔራዊ ስታዲየም ተገናኙ። ያ ቀን ደግሞ ዩኒቨርሲታሪዮ የተመሠረተበት 96ኛ ዓመት ነው። መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር አላህ ይወቀው። ደጋፊው መግባት ክልክል ነው ቢባልም ተሰብስቦ መጣ። ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ርችት፣ ጭፈራ፣ መተቃቀፍ። መንግሥት ወዲያው ሊጉን መልሶ አገደው። ለወራት ተጠብቆ የተከፈተ ሊግ በአንድ ጨዋታ ተዘጋ። እኛ ሰፈር ቤቲንግ ቤት የሚውሉ ልጆች በማግስቱ የነበሩትን የፔሩ ጨዋታዎች ቆርጠው ነበር። ቲኬታቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። «አያ ፈረቃ፣ ፔሩ የት ነው ያለችው?» ብለው የጠየቁኝ ያኔ ነው። ገንዘባቸው እዚያ ሄዶ አገሪቱን አያውቋትም።

ከአስር ቀን ገደማ በኋላ እንደገና ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ዩኒቨርሲታሪዮ ወሰደ። ሁለተኛው ዙር በሁለት ምድብ ተከፍሎ ተካሄደ። የሁለቱ ምድብ አንደኞች ተገናኙና አያኩቾ የሚባል የተራራ ቡድን ስፖርቲንግ ክሪስታልን በመለያ ምት አሸንፎ ዙሩን ወሰደ። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ቀጥሎ ክሪስታል በግማሽ ፍጻሜ አያኩቾን ተበቀለ። ለፍጻሜ ዩኒቨርሲታሪዮን አገኘ። 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በመልሱ 1 እኩል ወጣ። ዲሴምበር ላይ ለ20ኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙ ሮቤርቶ ሞስኬራ ነበር። አጥቂው ኤማኑኤል ኤሬራ በ20 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ይሄ ሰውዬ በ2018 በአንድ ሲዝን 40 አግብቷል። ለሱ 20 እንደ ረሃብ ዓመት ነው።

አሊያንሳ የት ሄደ? እሱ ነው ጉዱ። አሊያንሳ ማለት በ1901 የተመሠረተ፣ ትልልቆቻችን ከ1970 የዓለም ዋንጫ የሚያስታውሱት ቴኦፊሎ ኩቢያስ የተጫወተበት፣ እነ ፋርፋን የወጡበት ክለብ ነው። በ2019 ለሻምፒዮንነት ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በ2020 ሁሉም ጨዋታ የሚካሄደው በገዛ ከተማው ነው። ሌላው ክለብ ቤተሰቡን ጥሎ ሆቴል ያድራል፣ የአሊያንሳ ልጅ ቤቱ ያድራል። ያም ሆኖ መሸነፍ ነው። አሰልጣኝ ይቀያየራል፣ ሽንፈቱ አይቀየርም። ኖቬምበር 28 ቀን በስፖርት ሁዋንካዮ 2 ለ 0 ተሸነፈና ወረደ። ከ1938 ወዲህ ወርዶ አያውቅም። ሦስት ወራጅ ነበር፤ ያኩዋባምባ፣ አትሌቲኮ ግራው፣ አሊያንሳ። የመጀመሪያው ጓደኛህ ፎቶ ከዚያ ቀን ይሆናል። ኅዳር 2013 ነው እንግዲህ በኛ። አገሩ በሌላ ወሬ ተይዟል። እኔ ብቻ ማሽን መሃል ቆሜ «አሊያንሳ ወረደ!» ብዬ ስጮህ ፎርማኑ ያበድኩ መስሎት መጣ።

ቀጥሎ የመጣው የጠበቃ ኳስ ነው። ከአሊያንሳ ለጥቂት ከፍ ብሎ የተረፈ ካርሎስ ስታይን የሚባል ክለብ አለ። ከሰሜን ከላምባዬኬ አካባቢ፣ በዚያው ዓመት ገና ላይኛው ሊግ የገባ ትንሽ ክለብ ነው። አሊያንሳ፣ ይሄ ክለብ ለተጫዋቾቹ መክፈል ያለበትን በጊዜው አልከፈለም፣ በደንቡ መሠረት ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል ብሎ ከሰሰ። አገር ቤት አልሆን ሲለው ስዊዘርላንድ ሎዛን ድረስ፣ ለስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አቤት አለ። ማርች 2021፣ አዲሱ ሲዝን በሚጀመርበት ሰሞን፣ ፍርድ ቤቱ ለአሊያንሳ ፈረደ። ከስታይን ላይ ነጥብ ተነሳ። ሠንጠረዡ ተገለበጠ። ስታይን ወረደ፣ አሊያንሳ ተመለሰ።

የተመለሰው አሊያንሳ ደግሞ ሌላ ቡድን ነበር። ፋርፋን ወደ ልጅነት ክለቡ መጣ፣ አርጀንቲናዊው ሄርናን ባርኮስ መጣ። በ2021 መጨረሻ ፍጻሜ ላይ ያንኑ ክሪስታልን 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በመልሱ 0 ለ 0 ወጥቶ ዋንጫውን በላ። የሁለተኛው ጓደኛህ ፎቶ ይሄ ነው።

ያንን ፍጻሜ እኔ አላየሁትም፣ ውጤቱንም አልሰማሁም። ኅዳር 2014 ነው። ያኔ የት እንደነበርን የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ኮምቦልቻም ደሴም ኔትወርክ አልነበረም። እኔ ቤተሰቤን ይዤ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፣ ስልኬ የሌላ ሥራ ነበረው። ተመልሰን፣ ቤቱን ጠርገን፣ መብራት መጥቶ፣ አፑን ስከፍት አሊያንሳ ሻምፒዮን ይላል። አፑ የተበላሸ ነው የመሰለኝ።

የሆጤ አሰልጣኝ (ደሴ)፦

አያ ፈረቃ፣ አተራረኩ ጥሩ ነው። ግን ትልቁን ነገር ዘለልከው። ከፍታውን።

ፔሩ ሁለት አገር ናት። የባሕር ዳርቻው ሊማ አለ። ላይ ደግሞ ተራራው አለ። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ። ሁዋንካዮ ከ3,200 በላይ። ቢናሲዮናል የሚባለው ክለብ ሜዳ፣ ሁሊያካ፣ 3,800። እኛ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ሆነን የኮምቦልቻ ልጆች የሐረጎን ዳገት ወጥተው ሆጤ ሜዳ ሲገቡ 60ኛው ደቂቃ ላይ ምላሳቸው ይወጣል። ልዩነቱ ምን ያህል ነው? 650 ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ እኮ የሊማ ቡድን ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ወደ 4 ሺህ ሊጠጋ ነው የሚወጣው። ሳንባ ይሰነጠቃል።

አንተ ራስህ 2019ን አነሳህ። ፍጻሜው ላይ ቢናሲዮናል አሊያንሳን ሁሊያካ ላይ 4 ለ 1 ቀጣው። ሊማ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በድምሩ 4 ለ 3 ሻምፒዮን ሆነ። ያለ ተራራው የትኛው ቢናሲዮናል? በማርች 2020 በሊበርታዶሬስ፣ በደቡብ አሜሪካ ክለቦች ውድድር፣ የብራዚሉን ሳኦ ፓውሎን ሁሊያካ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሳምንቱ ቦነስ አይረስ ወርዶ ከሪቨር ፕሌት 8 ጠጣ። ከኮሮናው በኋላ የመልሱን ጨዋታ ተራራው ላይ ከልክለውት ሊማ ላይ አስተናገደ። 6 ጠጣ።

እና አንድ ሰው ሁሉም ሊማ ይጫወት ብሎ ሲወስን የተራራውን ክለብ አንድ ተጫዋች ቀንሶበታል። ፍጻሜው ሁለት የሊማ ክለብ የሆነው በአጋጣሚ ነው? ለኔ የ2020 ዋንጫ አጠገቡ የጥርጣሬ ኮከብ ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

በነገራችን ላይ የኛም አገር በ2013 በአምስት ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ያው ነው። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በድሬዳዋ ሙቀት የደጋ ቡድን ሲጫወት አይተናል። ደሴና ወልድያ ግን አልተጠየቁም። ወልድያ ያን የሚያህል ስታዲየም ይዛ!

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦

አያ ፈረቃ፣ ጀዛከላህ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር። ሁለቱም ተሸንፈዋል፣ ሁለቱም ለዳኛው ጥብስ ይግዙ ብዬ ፈርጃለሁ። ይግባኝ ሎዛን ይሂዱ።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ካርሎስ ስታይን አያሳዝንም? ሜዳ ላይ ተጫውቶ ተርፏል። በኮሮና ጊዜ፣ ያለ ተመልካች፣ ያለ ገቢ። ትልቁ ክለብ ጠበቃ ቀጥሮ ቦታውን ቀማው። ይሄ ፍትሕ ነው?

የሌሊት ፈረቃ (ኮምቦልቻ)፦

መጀመሪያ ለአሰልጣኙ። ወንድሜ፣ ከፍታው ላይ አልከራከርህም። ቢናሲዮናልን በደንብ ተናግረኸዋል። ግን አያኩቾን ያዙልኝ ብዬ ነበር። አያኩቾ ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ከደሴ ይበልጣል። ያን ዓመት ሜዳውን አልረገጠም። ሊማ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ፣ በሄራርዶ አሜሊ አሰልጣኝነት፣ ሁለተኛውን ዙር ወሰደ። በታሪኩ ትልቁን ነገር የሠራው ከተራራው በወረደበት ዓመት ነው። (በ2021 ሊበርታዶሬስ ሲገባ ግሬሚዮ 6 ለ 1 አድርጎ ሸኘው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ሁዋንካዮም ተራራውን ሊማ ላይ ይዞ አልወረደም። አሊያንሳን በገዛ ከተማው ነው ያወረደው። አሊያንሳ ደግሞ ከባሕር ዳርቻው ሳይነቃነቅ ወረደ። ከተራራው መራቅ ክሪስታልን ከጠቀመ ለምን አሊያንሳን አልጠቀመም? አጥቂ ስላልነበረው ነው። ኳስ ካላገባህ በየትም ከፍታ ትወርዳለህ።

ሆቴል መክረሙም ለአንዳንዱ በጎ ነበር ብዬ አምናለሁ። የተራራ ክለብ በዓመት ውስጥ ስንቴ ነው አውሮፕላንና አውቶቡስ የሚሳፈረው? ያን ዓመት ጉዞ የለም። ቡድኑ አንድ ላይ ይበላል፣ አንድ ላይ ያድራል፣ ልምምድ ይሠራል። እኛም ጋ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በዚያው በ2013 በሚዞረው ሊግ ነው። ጎንደር ላይ ሕዝቡ ፊት አንድም ጨዋታ ሳያደርግ። አቡበከር ናስር 29 ጎል ያስቆጠረውም ያኔ ነው። ኮከብ ምልክት እናድርግበት? እኔ አላደርግም።

አሁን ስታይን። ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ምናልባት እኔን መጠየቅ የለብህም ነበር፣ ምክንያቱም ቁስል አለብኝ።

ከፋብሪካው በፊት ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ቀኝ ተከላካይ። ታችኛው ሊግ፣ እዚሁ ወሎ ውስጥ። የክለቡን ስም ተዉት። ፊርማ ላይ የተጻፈው ደመወዝ ጥሩ ነበር። የተከፈለን የመጀመሪያዎቹን ወራት ነው። ከዚያ «በጀት ሲለቀቅ» ሆነ። በጀቱ አይለቀቅም። ሱቅ ዱቤ እንበላለን። የቤት አከራዬ ጨዋታ ሊያይ ሲመጣ የማሳየው ፊት አልነበረኝም። በዚያው ወር ግን ክለቡ አንድ አጥቂ ከሌላ ከተማ አስመጣ። በፊርማ ገንዘብ! የኔን ደመወዝ ለሱ ሰጡት ማለት ነው። አጥቂው ጎል አገባ፣ ክለቡ ሳይወርድ ቀረ፣ ሕዝቡ ጨፈረ። እኛን በጊዜው የሚከፍል ሌላ ክለብ ወረደ።

ስታይን ላይ የተፈረደውን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ የወረደው ክለብ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ የትም አይጠፋም። ሜዳ ላይ ይጫወታል። ሌላ ተጫዋች ይገዛበታል፣ ሆቴል ይከፈልበታል፣ ነጥብ ይመጣበታል። ስለዚህ ነጥቡ ሲቀነስ የተቀማ ነገር የለም። በብድር የመጣ ነጥብ ነው የተመለሰው።

ኮሮና ነበር ትለኛለህ። ልክ ነህ፣ ከባድ ነበር። ለያኩዋባምባም ከባድ ነበር እኮ። ተራራ መሃል ያለች የማዕድን መንደር ቡድን ናት። አንድ ዓመት ላይኛው ሊግ ደረሰች፣ ያ አንድ ዓመት ኮሮና ሆነ። መንደሯ ላይ አሊያንሳና ዩኒቨርሲታሪዮ ሲመጡ ሳታይ ወረደች። ለኔ የዚያ ሲዝን ትልቁ በደል ይሄ ነው። አንድ መንደር ዕድሜ ልኩን የሚጠብቀውን እንግዳ ሳያስተናግድ ቀረ። ለዚህ ደግሞ ከሳሽም የለ፣ ፍርድ ቤትም የለ።

የመርሳ ብርቱካን፦

አያ ፈረቃ፣ ደመወዙ ላይ የተናገሩት አንጀቴን በላው። ወንድሜ አሁንም ታችኛው ሊግ ነው የሚጫወተው፣ ያው ነው ታሪኩ። እናቴ ናት ጫማ የምትገዛለት።

ግን አሊያንሳን መልአክ አያድርጉት። አሊያንሳ ሎዛን የሄደው ለስታይን ተጫዋቾች አዝኖ ነው? ለራሱ ቦታ ነው። 17ኛ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስታይን ይክፈል አይክፈል ጉዳዩም አይደለም። ያኩዋባምባ ወይም አትሌቲኮ ግራው ያንን ክስ ቢያስቡ የስዊዘርላንድ ጠበቃ በምን ይከፍላሉ? ሕጉ ጥሩ ሊሆን ይችላል። የሚጠቀምበት ግን ገንዘብ ያለው ነው። ትልቅ ክለብ ሲወርድ ብቻ ነው ሰው መዝገብ የሚያገላብጠው።

የሌሊት ፈረቃ (ኮምቦልቻ)፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ አፌን አስያዝሽኝ። አሊያንሳ ለማንም አላዘነም። የወንድምሽ ክለብ ባይከፍል ማንም ሎዛን አይሄድለትም፣ እውነት ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። በክፋትም ይሁን በጎ፣ ያ ውሳኔ አንድ ክለብ ደመወዝ ባለመክፈሉ ሊጉን እንዲያጣ አድርጓል። ከዚያ በኋላ የፔሩ ክለብ ፕሬዚዳንት ሁሉ ሲፈርም ይሄን ያስባል። እኛ አገር ያልከፈለ ክለብ ምን ይሆናል? ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው መሳቢያ ይገባል።

ወንድምሽን ውሉን ኮፒ አድርጎ ይያዝ በይው። የተከፈለበትን የባንክ ወረቀትም። እኔ ውሌን ክለቡ ቢሮ ነው የተውኩት፣ ኋላ ስፈልገው «ፋይሉ የለም» ተባልኩ። ፌዴሬሽን ድረስ አቤት ብለው ያስከፈሉ ልጆች አሉ። ወረቀት የያዙት ናቸው።

የሆጤ አሰልጣኝ (ደሴ)፦

ደመወዙ ላይ አንድ ነን። እኔም ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ባጃጅ ላይ ወጥቶ ቀርቶብኛል።

አያኩቾን ግን አልቀበልም። አንድ ዙር ወሰደ እንጂ ሻምፒዮን አልሆነም። ግማሽ ፍጻሜው ደርሶ መልስ ነበር። የመጀመሪያውን ሊማ፣ መልሱን አያኩቾ ከተማ ላይ ቢጫወቱት ክሪስታል በሕይወት ይመለስ ነበር? የኩስኮው ሲየንሲያኖ በ2003 ሪቨር ፕሌትን አሸንፎ የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ ሲወስድ ተራራው ነው የረዳው። እስካሁን ከሱ ሌላ የውጭ ዋንጫ ይዞ የገባ የፔሩ ክለብ የለም።

የሌሊት ፈረቃ (ኮምቦልቻ)፦

ሲየንሲያኖን ባታነሳው ጥሩ ነበር! የመልሱ ጨዋታ እኮ ኩስኮ ላይ አልነበረም። ስታዲየሙ ለፍጻሜ ስላነሰ አሬኪፓ ተወሰደ። አሬኪፓ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ከደሴ ያንሳል። 1 ለ 0 ያሸነፉት እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ደግሞ ቦነስ አይረስ ላይ፣ ባሕር ጠርዝ፣ 3 እኩል ወጥተዋል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦

ኧረ በአላህ፣ አሰልጣኜን ተዉልኝ፣ ነገ ልምምድ ላይ በኔ ነው የሚወጣው።

አያ ፈረቃ፣ መጨረሻ አንድ ጥያቄ። ስታይን ከዚያ በኋላ ጠፋ?

የሌሊት ፈረቃ (ኮምቦልቻ)፦

አልጠፋም። በ2022 ላይኛው ሊግ ላይ ነበር። አትሌቲኮ ግራውም አብሮ ተመልሷል፣ ሁለተኛውን ሊግ በ2021 አሸንፎ። ስታይን ግን አንድ ዓመት ቆይቶ በ2022 መጨረሻ እንደገና ወረደ። ያኔ ሜዳ ላይ ነው፣ ማንም አልከሰሰውም። አሊያንሳ በ2022ም ደገመና ሻምፒዮን ሆነ።

አሰልጣኝ፣ የከፍታውን ክርክር ቅዳሜ ሆጤ መጥቼ በአካል እጨርስልሃለሁ። ቡድንህን ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር አጋጥመው፣ መልሱን እኛ ጋ ሙቀቱ ውስጥ ትመጣለህ። የሚያጫውተውን ዳኛ ግን ከሐይቅ አምጡ፣ የደሴን አልቀበልም።

ሐይቅ ዳር፦

እኔ አለሁ። ፊሽካም አለኝ። አበል በቅድሚያ ነው፣ ካልተከፈለኝ ሎዛን ነው የምሄደው።